ባለ አራት ሲሊንደር የቅንጦት መኪና

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። ያገለገለ የ2012 ቢኤምደብሊው 528አይ ልገዛ አስቤያለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ግን «አራት ሲሊንደር ለቅንጦት ሴዳን አይሆንም» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ብቻ ከግዢው አያስቀርህ። የ2011ዱ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3 ሊትር ነበር፤ 240 የፈረስ ጉልበት። በ2012 ባለ 2 ሊትር አራት ሲሊንደር ቱርቦ ተተካለት፤ ጉልበቱ ያው 240 ነው፣ እንዲያውም ቱርቦው ገና በዝቅተኛ ዙር አየር ስለሚገፋለት ከመብራት ሲነሳ የበለጠ ይስባል፣ ነዳጅም ይቆጥባል።

የአሜሪካኖቹ ጥርጣሬ ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ነዳጅ እዚያ ከአውሮፓ ይልቅ ርካሽ ስለሆነ ትልቅ ሞተር ለረጅም ዘመን የክብር ምልክት ሆኖ ኖሯል። ደግሞ የቅንጦት መኪና ሠሪው ካዲላክ ለ1982 ሲማሮን የሚባል ባለ አራት ሲሊንደር አወጣ፤ 88 የፈረስ ጉልበት፣ ከሥሩ ሲገለጥ ያው ርካሹ ሸቭሮሌት ካቫሊየር! ገዢው እንደተናቀ ቢሰማው አይፈረድበትም።

በድምፁ ግን እነሱ ልክ ናቸው። ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳ ከኮፈኑ ሥር የሚሰማው ጠቅጠቅታ የስድስቱ ልስላሴ የለውም። ከምንም በላይ ግን የታይሚንግ ካቴናውን፣ ማለትም የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረውን ሰንሰለት፣ አስፈትሽ፤ በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ላይ ካቴናውን የሚመራው ፕላስቲክ በመሰባበር ይታወቃል፣ ከተበላሸ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ሳትፈርም መካኒክ ያዳምጥልህ።