ኮከብ ተጫዋች ጥሩ ረዳት አሰልጣኝ ይወጣዋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የስፖርት ክበብ አስተባባሪ ነኝ። ለወንዶች እግር ኳስ ቡድናችን ረዳት አሰልጣኝ ልንቀጥር ነው። ሁለት ሰዎች አመልክተዋል። አንደኛው በፕሪሚየር ሊጉ ለዓመታት የተጫወተ፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው አጥቂ ነው፤ አሰልጥኖ ግን አያውቅም። ሁለተኛው የስፖርት ሳይንስ ምሩቅ ነው። ከሰፈር ቡድን ያለፈ አልተጫወተም፤ ታዳጊዎችን ግን ሲያሰለጥን ቆይቷል። ዲናችን ስም ያለውን ይፈልጋሉ፣ ዋና አሰልጣኙ ደግሞ ሁለተኛውን። የትኛው ይሻለናል? (ከማራኪ)

መልስ፦ ሁለቱንም ሜዳ ላይ ፈትኑና የተሻለ የሚያስተምረውን ቅጠሩ። እኩል ከወጡ ስም ያለውን ምረጡ፤ ተማሪ መጀመሪያ ላይ ጆሮ የሚሰጠው ለእሱ ነው። በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን በሆነው በፋሲል ከነማ ከተማ የተጫዋች ስም ምን ያህል እንደሚከበር ዲኑ አልተሳሳቱም። ስሙ የሚሠራው ግን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ የሚጠብቁት ትምህርት ነው።

ኮከብ ተጫዋች ለማስተማር የሚቸገርበት ምክንያት አለው። አብዛኛውን ችሎታውን ያገኘው በልጅነቱ ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲያሳድድ ነው። ማንም በቃል አላስረዳውም፣ እሱም ለማንም አስረድቶ አያውቅም። ስለዚህ ተማሪ ሲሳሳት «እንዲህ ነው» ብሎ ራሱ ሠርቶ ያሳያል። ልጆቹ ተደንቀው ያያሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ግን ያው ስህተት ይደገማል።

አንድ አጥቂ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ ኳስ ሲቀበል የሚያደርገውን እንመልከት። ማስተማር የሚችል ሰው ነገሩን ከፋፍሎ ይነግረዋል፦ ኳሱ ከአቀባዩ እግር ሳይወጣ ዞር ብለህ ተከላካዩ የት እንዳለ እይ፤ ኳሱ መንገድ ላይ ሳለ ደግመህ እይ፤ ጎንህን ሰጥተህ ቁም፤ ተከላካዩ በግራህ ከመጣ በቀኝ እግርህ ተቀበል፣ ሰውነትህ በእሱና በኳሱ መካከል ይሁን። ልጁ ኳሱን ሲነጠቅ ከእነዚህ የትኛውን እንደዘለለ ለይቶ ይነግረዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእግር አይደለም፣ ቀድሞ አለማየት ነው። ኮከቡ ማየቱን ሳያስበው ስለሚያደርገው በቃል አያወጣውም፤ «ንክኪህ ደካማ ነው» ብሎ ያልፋል። ልጁም ሳምንቱን ሙሉ ንክኪ ሲለማመድ ይከርማል፣ ችግሩ ግን እዚያው ይቀራል።

ይህ ማለት ግን ኮከብ ሁሉ አያሰለጥንም ማለት አይደለም። መንግሥቱ ወርቁ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብ ያስቆጠረ ተጫዋች ነበር፤ በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑን በአሰልጣኝነት መርቷል። ዚነዲን ዚዳን መጀመሪያ በሪያል ማድሪድ የካርሎ አንቸሎቲ ረዳት ሆነ፣ ቀጥሎ የክለቡን ሁለተኛ ቡድን ያዘ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዋናውን ቡድን ተረክቦ በፈረንጆቹ 2016፣ 2017 እና 2018 በተከታታይ የቻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ያነሳው። ለእናንተ ይበልጥ የሚጠቅመው የቴሪ ሄንሪ ነገር ነው። በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ሦስተኛ የወጣችው ቤልጂየም ረዳት አሰልጣኝ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሞናኮን በዋና አሰልጣኝነት ሲይዝ ግን ጥቂት ወራት ብቻ ነው የቆየው። ረዳት የሚጠየቀው የተወሰነ ሥራ ነው፤ ኮከብ ተጫዋችም በሚያውቀው ጠባብ ቦታ ላይ ሲቆም ይበረታል። በሌላ በኩል አሪጎ ሳኪ በፕሮፌሽናልነት ሳይጫወት ሚላንን ይዞ በፈረንጆቹ 1989 እና 1990 የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫን ወስዷል። ምሩቁን «አልተጫወተም» ብሎ መጣል ያላዋጣ አስተያየት ነው።

ፈተናውን እንዲህ አድርጉት። ለሁለቱም 16 ተማሪ፣ ግማሽ ሜዳ፣ 8 ኳስ፣ 12 ኮንና ሁለት ቀለም ሰደርያ ስጡ። ጊዜው 40 ደቂቃ ይሁን። ርዕሱን ከአንድ ቀን በፊት ንገሯቸው፣ ለምሳሌ «16 ከ50 (የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ) ውስጥ ኳስ ተቀብሎ መምታት»። ዋና አሰልጣኙና ሌላ አንድ ሰው ዳር ቆመው ይመዝግቡ። ከሁሉም በፊት የሚታየው ሰልፉ ነው። 16 ልጅ በአንድ ግብ ፊት ተሰልፎ በየ10 ሰከንዱ አንድ ኳስ ቢመታ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ለአንድ ልጅ 4 ምት እንኳ አይደርሰውም። ልጆቹን በአራት በአራት ከፍሎ በኮን ተጨማሪ ግቦች የሠራ አሰልጣኝ በዚያው ጊዜ ለእያንዳንዱ እስከ 15 ምት ያደርሳል። ይህን ሳይነገረው ያሰበ ሰው ልምምድ ማቀድ ያውቃል።

ቀጥሎ ንግግሩን በሰዓት ያዙ። ጨዋታ አቁሞ ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚያወራ ከሆነ ልጆቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ሐሳባቸውም ይበተናል። እርማቱ «አይ፣ አይ!» ብቻ ነው ወይስ ምን እንደጎደለ ይናገራል? ከልጆቹ ደካማ የሆነውን አይቶታል? ከጎበዞቹ ጋር ብቻ የሚስቅ ሰው ለኮሌጅ ቡድን አይሆንም፤ እናንተ ተጫዋች ገዝታችሁ አትተኩም፣ በየዓመቱም ተመራቂ ስለሚሄድ ከታች የሚመጣውን ማሳደግ ግዴታችሁ ነው።

የምትቀጥሩትን ሰው መጀመሪያ ለሦስት ወር ፈርሙት፤ ውሉ ላይ በሳምንት ስንት ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ የትኞቹን ተጫዋቾች እንደሚይዝ በጽሑፍ ይስፈር። በቃል የተቀጠረ ታዋቂ ሰው ከሁለተኛው ወር ጀምሮ እንግዳ ሆኖ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ መጫወት አቁሜያለሁ። አንድ ኮሌጅ ረዳት አሰልጣኝ እንድሆን ጠይቆኛል። ኳሱን አውቀዋለሁ፣ ሌላ ምን ልዘጋጅ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ በመጀመሪያ የአሰልጣኝነት ኮርስ ይውሰዱ። የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ላይሰንስ ከታች ከዲ ጀምሮ ወደ ሲ፣ ቢ እና ኤ የሚወጣ ነው፤ ኮርሱ መቼ እንደሚሰጥ በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ በኩል ይጠይቁ። ኮርሱ እስኪመጣ ግን ሥራ አይጠብቅም።

ከዋና አሰልጣኙ ጋር ተቀምጠው አንድ ድርሻ ይውሰዱ። አጥቂ ከነበሩ አጥቂዎቹንና የማዕዘን ምቱን፣ ተከላካይ ከነበሩ የኋላ መስመሩን ይያዙ። ማሟሟቂያውንም ይረከቡ፤ «ፊፋ 11 ፕላስ» የሚባለው 20 ደቂቃ የሚፈጅና 15 እንቅስቃሴዎች ያሉት ነው፦ 8 ደቂቃ የሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን፣ 2 ደቂቃ የፈጣን ሩጫ። ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ በትክክል ከተሠራ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ጉዳትን ይቀንሳል። በትክክል ማለት ልጁ ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ አለመታጠፉን ፊት ለፊት ቆሞ ማየት ነው። ይህን ካላዩ 20 ደቂቃው ባዶ ነው።

በልምምድ ግጥሚያ ውስጥ ገብተው አይጫወቱ። ፈተናው ከባድ እንደሆነ እናውቃለን፤ እግር ገና ይፈልጋል። ነገር ግን ውስጥ ሆነው ሁሉንም ልጆች ማየት አይችሉም፣ ልጆቹም ኳሱን ሁሉ ለእርስዎ ያቀብላሉ። ማሳየት ካለብዎ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በፍጥነት ያሳዩና ይውጡ። አራት ለአራት ካጫወቱ 30 በ20 ሜትር ሜዳ ይበቃል፤ 4 ደቂቃ ጨዋታ፣ 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ አራት ዙር። እርማትዎን በዕረፍቱ ይናገሩ።

የክለብ ሕይወት ሌላ፣ የተማሪ ሕይወት ሌላ መሆኑንም ያስቡበት። የሚድና የፋይናል ፈተና ሳምንት ላይ ልምምዱን ያሳጥሩ። በዐቢይ ጾም ተማሪው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የሚበላ ከሆነ ልምምዱ 11 ሰዓት ላይ ቢጀመርና ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይሻላል። ረመዳን ላይ ከማፍጠሪያ በፊት ከባድ ሩጫ አያዙ፤ ያንን ሰዓት ለአቋቋምና ለቅጣት ምት ያድርጉት። በጾም ላይ ያለ ልጅ ቢደክመው ስንፍና ብለው አይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ዋና አሰልጣኝ ነኝ። ረዳቴ ታዋቂ ተጫዋች ስለነበር ልጆቹ እኔን ትተው እሱን ይሰማሉ። ምን ላድርግ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ እሱ ራሱ ይህን ፈልጎት እንደሆነ አስቀድመው ይለዩ፤ ብዙ ጊዜ አልፈለገውም። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት 15 ደቂቃ ተገናኝታችሁ የዕለቱን ሁለት ዋና ነጥቦች ተስማሙ፤ ሁለታችሁም ሜዳ ላይ በእነዚያው ቃላት ተናገሩ። ልጆቹ አንድ ቃል ከሁለት አፍ ሲሰሙ ማወዳደሩን ይተዋሉ። አሰላለፉን ምንጊዜም እርስዎ ይናገሩ። ያልተሰለፈ ልጅ ለአቤቱታ ወደ ረዳቱ ሲሄድ መልሱ «ለዋናው ንገረው» ብቻ እንዲሆን ከእሱ ጋር ይስማሙ፤ ረዳት በአዘኔታ «እኔ ብሆን አሰልፍህ ነበር» ያለ ቀን ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል። የሐሳብ ልዩነት ካላችሁ ቢሮ ውስጥ በሩን ዘግታችሁ ተከራከሩ።

በግጥሚያ ቀን ደግሞ የራሱን ሥራ ይስጡት። ደብተር ይዞ ኳስ የት የሜዳ ክፍል ላይ እንደምንነጠቅ በመጀመሪያው 45 ደቂቃ ይመዝግብ፣ በዕረፍት ሰዓት ለእርስዎ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገር፣ ለልጆቹ እርስዎ ያስተላልፉ። ከአምስትና ስድስት ግጥሚያ በኋላም ትእዛዝዎን ዳር ሆኖ በጩኸት የሚሽር ከሆነ ጉዳዩን ለክበቡ አስተባባሪ በጽሑፍ ያቅርቡ።