ከምግብ በፊት ውሃ፣ ከምግብ ጋር ውሃ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

አዳማ ላይ ሙቀቱ በርትቷል። የደረሱኝ ጥያቄዎችም ስለ ውሃ ናቸው።

የፍራንኮ ሰፈር አንባቢ፦ ምግብ ላይ ውሃ መጠጣት የጨጓራ አሲድን ያቀጥነዋል ወይ?

አያሳስብም። ጨጓራ በሚፈለገው ልክ አሲድ ያመነጫል። ሽሮው ካቃጠለዎት ይጠጡ።

ክብደት መቀነስ የምትፈልግ ወጣት፦ ከምሳ በፊት ውሃ ብጠጣ ይረዳኛል?

ትንሽ። ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ግማሽ ሊትር ያህል የሚጠጡ ሰዎች፣ በተለይ በዕድሜ ገፋ ያሉት፣ ጥቂት ቀንሰው ይበላሉ። በወጣቶች ላይ ግን ያን ያህል አይሠራም። ከለስላሳ መጠጥ ወደ ውሃ ብትዞሪ የበለጠ ትጠቀሚያለሽ።

የሁለት ዓመት ልጅ እናት፦ ልጄ ቀኑን ሙሉ ጡጦውን ከእጁ አይጥልም። ምሳ ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ በልቶ ፊቱን ያዞራል። አማቴ «ውሃ ከልክዪው» ይላሉ።

እህቴ፣ በዚህ ሙቀት ልጅን ውሃ መከልከል አደጋ ነው። አታድርጊው! መስተካከል ያለበት ሰዓቱ ነው። የልጅ ሆድ ትንሽ ስለሆነ ምግብ ሲቃረብ የተጠጣ ውሃ ቦታውን ይይዝበታል። በምግቦች መካከል እንደልቡ ይጠጣ፤ ምሳ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ጡጦውን አንሺለት። እየበላ ከጠማው በኩባያ ጎንጨት ያድርግ፤ ከበላ በኋላ እስኪበቃው ይጠጣ።

ጡጦው ውስጥ ያለው ግን ውሃ ብቻ ነው? ጁስ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ከሆነ የምግብ ፍላጎቱን የዘጋው እሱ ነው። ሻይ ደግሞ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል። ገንፎውን ወፈር አድርጊው፤ ዘይት ወይም ቅቤ ጣል አድርጊበት። አፉን ይዘሽ ግን አታጉርሺው፤ ምግብን ይጠላል።

ከሁሉ በፊት ጤና ጣቢያ ውሰጂውና ክብደቱን ይመዝኑት፣ የላይኛውን ክንዱንም ይለኩት። ዙሪያው ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት አለበት፤ ከ11.5 በታች ከሆነ ከባድ ነው። ይህን ሳምንት አታሳልፊው።

አንድ አባወራ፦ ውሃ አልጠግብ አልኩ፣ ሽንት ያመላልሰኛል፣ እየበላሁም እከሳለሁ። ከምግብ ጋር መጠጣት ላቁም?

አያቁሙ! ዛሬውኑ ሄደው ስኳርዎን ይመርመሩ። ነገ አይበሉ።

የወንጂ አንባቢ፦ የጉድጓድ ውሃ አፍልተን ነው የምናበስለውም የምንጠጣውም። የልጆቹ ጥርስ ግን እየበለዘ ነው።

ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን አያስወግድም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይበረታል። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ብዙ ጊዜ ይበዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ውሃውን አስመርምሩ። እስከዚያው የተጣራ የቧንቧ ውሃ ካገኛችሁ መጀመሪያ ለትንንሾቹ አድርጉት፤ ቋሚ ጥርሳቸው ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ነው።