ለቦርቴዞሚብ ጥያቄሽ፦ የሴሉን ፕሮቲን ማፍረሻ መዝጋት ካንሰሩን እንዴት ይገድለዋል?

አሰላሙ አለይኩም እህቴ፣ አብሽሪ፣ አባባን አላህ አፊያ ያርግልሽ። ጥያቄሽን ማታ አይቼው ነበር፣ ሰፋ አርጌ ልመልስ ብዬ ነው ያቆየሁት። አባትሽ መልቲፕል ማዬሎማ (የመቅኔ ካንሰር) ተብለው ቦርቴዞሚብ የሚባል መርፌ ታዞላቸዋል፣ ሐኪሙ "ዩቢኩዊቲን የተለጠፈበት ፕሮቲን የሚፈርስበትን ቦታ ይዘጋል" ብሎሻል፣ አንቺ ደሞ ታዲያ ጤነኛውንም ሴል አይገድልም ወይ ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ደሴ ለጤና ተማሪዎች ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴም ይሄንኑ መርፌ ስለወሰደች በሁለቱም በኩል የማውቀውን ልንገርሽ።

ዩቢኩዊቲን ማለት 76 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ብቻ ያላት ትንሽዬ ፕሮቲን ናት፣ ስራዋ ሌላ ፕሮቲን ላይ መለጠፍ ነው። ሦስት ኢንዛይሞች ይቀባበሏታል፣ ኢ-1 ኤቲፒ በሚባለው የሴሉ ጉልበት ያነቃታል፣ ኢ-2 ይሸከማታል፣ ኢ-3 የቱ ፕሮቲን ላይ እንደምትለጠፍ ይመርጣል። የኢ-3 ዓይነቱ ሰው ውስጥ ከ600 በላይ ነው፣ ብዙ በሽታም የሚነሳው እዚ ምርጫ ላይ ነው። ተማሪዎች ዩቢኩዊቲንን "የሞት ምልክት" ብለው ብቻ ይሸመድዷታል፣ እኔ ይሄን አልወደውም፣ ምክንያቱም ግማሹን ስራዋን ይደብቃል። መናኸሪያ ሻንጣ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አስቢ፣ ወረቀቱ አንድ ዓይነት ነው፣ የተጻፈበት ግን ሻንጣውን ወይ ወልዲያ ወይ አዲስ አበባ ይወስደዋል። ዩቢኩዊቲኖች ሰንሰለት ሠርተው በላይሲን 48 (48ኛዋ አሚኖ አሲድ) በኩል ከተያያዙ ፕሮቲኑ ፕሮቲያዞም ወደሚባለው ማፍረሻ ይሄዳል፣ በላይሲን 63 ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ የዲኤንኤ ጥገና ወይ የመልዕክት ማስተላለፍ ስራ ነው፣ ፕሮቲኑ አይፈርስም።

አሁን ወደ አባባ። ማዬሎማ የሚነሳው መቅኔ ውስጥ ካሉ ፕላዝማ ሴሎች ነው፣ የነዚ ሴሎች ስራ ደሞ አንቲቦዲ ማምረት ነው፣ ሌት ተቀን ፕሮቲን ነው የሚያወጡት። ብዙ ሲመረት በትክክል ሳይታጠፍ የሚበላሸውም ይበዛል፣ እሱ ሁሉ ዩቢኩዊቲን ተለጥፎበት ፕሮቲያዞም ጋ ሄዶ መፍረስ አለበት። ቦርቴዞሚብ ያንን ሲዘጋው ሌላው ሴል ለጊዜው ይቋቋመዋል፣ የካንሰሩ ሴል ግን በራሱ ምርት ተጨናንቆ ራሱን ያጠፋል። ሌላም አለ፣ ሴሉን "ኑር" የሚለው ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን የሚሰራው አጋጁ ፕሮቲን ሲፈርስ ነው፣ ማፍረሻው ሲዘጋ አጋጁ ይቆያል፣ ያ የመኖር መልዕክት ይደክማል። ጤነኛውን አይነካም ማለቴ አይደለም፣ ይነካል፣ ግን መድኃኒቱ ፕሮቲያዞሙን ይዞ አይቀርም ይለቀዋል፣ ለዛ ነው በሁለት መርፌ መሀል ቢያንስ 72 ሰዓት የሚጠበቀው። የዩቢኩዊቲንን ስራ ያገኙት ሲካኖቨር፣ ኸርሽኮና ሮዝ እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ኖቤል ተሸለሙ፣ መድኃኒቱ ግን በ2003 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ ነበር።

ጉዳቱን በደንብ ስሚኝ፣ ነርቭ ላይ ነው የሚበረታው። አክስቴ አዲስ አበባ እየተመላለሰች ስትወጋ የእግር ጣቷን ማቃጠል ጀመራት፣ ያን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ተቀምጣ ስትሄድማ አይነገርም፣ ግን መድኃኒቱን ያስቆሙብኛል ብላ ፈርታ ለማንም አልተናገረችም። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ቀርቶ እሷ ሳታውቅ በባዶ እግሯ ስትሄድ ልጇ አየቻት፣ ከዛ ነው የወጣው። ለሐኪሙ ሲነገረው መርፌውን በሳምንት ሁለቴ የነበረውን አንዴ አረገው፣ መጠኑንም ቀነሰው፣ ማቃጠሉ ቀስ በቀስ ተሻላት፣ የአውራ ጣቷ መደንዘዝ ግን እስካሁን አለ። ስለዚ አባባን በየቀኑ እግርዎን ይሰማዎታል ወይ፣ ቁልፍ መቆለፍ አልከበደዎትም ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው፣ አባቶች ራሳቸው አይናገሩም።

አልማዝ ባለ ጭራም በዚ መድኃኒት ጊዜ ቶሎ ይነሳል፣ ለዛ አሲክሎቪር የሚባል የቫይረስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። አረንጓዴ ሻይ ለካንሰር ጥሩ ነው ብሎ የሚሰጣቸው ሰው ካለ አስቁሚው፣ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ቦርቴዞሚብን ይዞ ስራ እንደሚያስፈታው በላብራቶሪ ታይቷል፣ ቫይታሚን ሲ እንክብልም ሐኪሙ ሳያውቅ አይውሰዱ።

ሌናሊዶማይድ የሚባል ካፕሱል ከጨመሩላቸው ደሞ አትደናገጪ፣ እሱ በተቃራኒው ያስፈርሳል። ሴሬብሎን የሚባል የኢ-3 ክፍል ላይ ተቀምጦ ማዬሎማው የሚኖርባቸውን ሁለት ፕሮቲኖች ዩቢኩዊቲን ያስለጥፍባቸዋል። ታሊዶማይድ የሚባል የድሮ መድኃኒት ዘመድ ነው፣ ያ እንደ ፈረንጆቹ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለእርጉዞች ተሰጥቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች እጅና እግራቸው ሳያድግ የተወለዱበት፣ ከሴሬብሎን ጋር እንደሚያያዝ የታወቀው ግን ገና በ2010 ነው። አንቺ ወይ ሌላ ልትወልድ የምትችል ሴት ቤት ውስጥ ካላችሁ ካፕሱሉን አትክፈቱት፣ ዱቄቱንም በባዶ እጅ አትንኩት።

እግረ መንገዴን፣ የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስም ይሄንኑ መንገድ ነው የሚሰርቀው፣ የሴሉን ኢ-3 ይዞ ፒ-53 የተባለውን ጠባቂ ፕሮቲን ያስፈርሰዋል። ክትባቱ አገራችን ውስጥ ከ2018 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ይሰጥ ነበር፣ ሴት ልጅ ያላችሁ ጠይቁ።

ለቀጣዩ ቀጠሮ፦ አሲክሎቪር ታዟል ወይ፣ መርፌው ከቆዳ ስር ነው ወይስ በደም ስር በይ፣ ከቆዳ ስር ሲሆን ነርቭ ላይ ይቀላል። የፕላትሌት (ደም የሚያረጋው የደም ክፍል) ቁጥራቸውና የኩላሊት ምርመራቸው ስንት እንደሆነም አስጽፊ። ወረቀቱ ላይ ያልገባሽ ካለ ስማቸውን ሸፍነሽ በውስጥ ላኪልኝ፣ ማታ ማታ አለሁ።