በጎቼ ጨነገፉ፣ እኔንም ትኩሳት ያዘኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በጎችና ጥቂት ላሞች አሉኝ። ዘንድሮ ከባድ ዝናብ ጥሎ ግጦሹ ላይ ውሃ ተኝቶ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ቢምቢው አላስቀምጥ አለን። ሰሞኑን አራት በጎች ጨነገፉ፣ ሁለት ግልገሎችም ሞቱ። ጭንጋፉን በባዶ እጄ አንስቼ ቀበርኩት። ከላሞቹ ላይ መዥገር ስነቅልም በጣቴ ነው የምጨፈልቀው። አሁን ትኩሳትና ራስ ምታት ከያዘኝ ሦስት ቀኔ ነው፣ ወገቤንም ይቆረጥመኛል። የከብት በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋል? ወይስ ጉንፋን ነው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ነገ ይሻለኛል ብለው አይቆዩ። እዚያ ሲደርሱም ሳይጠየቁ ይናገሩ፦ «በጎቼ ጨንግፈዋል፣ ጭንጋፉን በባዶ እጄ ነክቻለሁ፣ መዥገር በጣቴ እጨፈልቃለሁ» ይበሉ። እስኪታዩ ድረስ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ግን አይውሰዱ። የምጠረጥራቸው በሽታዎች ደም ሊያፈሱ ይችላሉ፤ እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ ያንን ያባብሱታል።

ሳይጠየቁ ይናገሩ ያልኩት በምክንያት ነው። ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ እንደ እርስዎ ትኩሳት የያዘው ሰው መጣ። ሳል አለህ? ተቅማጥስ? ምን በላህ? ብዬ ጠየቅኩት። ከብት አለህ ወይ አላልኩትም። የታመመች ላም አርዶ እንደነበር የነገረችን ሚስቱ ናት፣ ያውም በሦስተኛው ቀን። ሰውየው ዳነ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ትኩሳት ያለበትን ሰው ስለ እንስሳ ሳልጠይቅ አላሰናብትም።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። አዎ፣ ይተላለፋል። ሁሉም ግን አይደለም። ላምፒ ስኪን የሚባለው የከብት የቆዳ እብጠትና ብሉታንግ የሚባለው የበጎች በሽታ በነፍሳት ይዛመታሉ፣ ሰውን ግን አይዙም። እርስዎ የጻፉልኝ ታሪክ ከእነዚህ የተለየ ነው።

ዝናብ፣ ቢምቢ፣ ጭንጋፍ፣ ከዚያ የሰው ትኩሳት። እነዚህ ተከታትለው ሲመጡ ቶሎ ትዝ የሚለኝ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ነው። ቫይረሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1931 ኬንያ ውስጥ በናይቫሻ ሐይቅ አካባቢ፣ በጎች በብዛት ሲያልቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ገባ። የት እንደሚኖሩ አልጻፉልኝም፤ በሽታው እስካሁን የሚታወቀው በአፍሪካና በዓረብ ምድር ነው።

አመጣጡ ይገርማል። ኤዴስ የምትባል የቢምቢ ዘር እንቁላሏን ውሃ በሚተኛበት ጎድጓዳ መሬት ላይ ትጥላለች። ቫይረሱ ከእናቲቱ ወደ እንቁላሉ ያልፋል። ውሃው ይደርቃል፣ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ እንቁላሉ ግን አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይጠብቃል። አንድ ቀን ጎርፍ ሲመጣ ይፈለፈላል። የሚወጡት ቢምቢዎች ማንንም ሳይነክሱ ቫይረሱን ይዘው ነው የሚወለዱት። በጎችን ይነክሳሉ። በበጓ ደም ውስጥ ቫይረሱ እጅግ ይባዛል። ውሃው ሲቆይ ሌላ ዘር ቢምቢ ይራባበትና ከታመመው እንስሳ ደም እየመጠጠ ያዳርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ኤል ኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከልክ በላይ መሞቅ) ያመጣው ዝናብ በምሥራቅ አፍሪካ ትልቅ ወረርሽኝ ያስነሳው በዚህ መንገድ ነው።

ያረገዙት በጎች ሲያዙ ሁሉም ማለት ይቻላል ይጨነግፋሉ። አዲስ ከተወለዱ ግልገሎች ከ100 ከ90 በላይ ይሞታሉ። ስለዚህ ጭንጋፉ ለሰውም ማስጠንቀቂያ ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ንክሻውን ነው። ቢምቢ ሰውንም ያሲዛል፤ ግን አብዛኛው ሰው የሚያዘው በታመመ እንስሳ ደም፣ በጭንጋፍና በእንግዴ ልጅ ነው። እጅ ላይ ትንሽ ጭረት ካለች ትበቃለች። ምልክቱ ከ2 እስከ 6 ቀን ውስጥ ይጀምራል። አብዛኛው ሰው በሳምንት ውስጥ ይድናል። ጥቂቱን ግን ዓይኑን፣ አንጎሉን ወይም ጉበቱን ይጎዳዋል።

መዥገሩም ያሳስበኛል። እግሩ ላይ ነጣ ያሉ ቀለበቶች ያሉት፣ ሣር ላይ ተቀምጦ ከመጠበቅ ይልቅ ሮጦ የሚከተል መዥገር አይተው ያውቃሉ? ሃያሎማ ይባላል። የክሬሚያ ኮንጎ የደም መፍሰስ ትኩሳትን ያስተላልፋል። ላሟ ቫይረሱን ለአንድ ሳምንት ያህል በደሟ ተሸክማ ምንም ሳይታይባት ትግጣለች፤ ሰው ሲይዝ ግን ከታማሚዎቹ ከ10 እስከ 40 በመቶውን ይገድላል። በጎቹ ቢያስጠነቅቁም ላሟ አታስጠነቅቅም። መዥገሩን በጣት ሲጨፈልቁ በውስጡ ያለው ሁሉ እጅዎ ላይ ይፈስሳል። ከራስዎ ገላ ላይ ካገኙ በወረንጦ ከቆዳው ጥግ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡት፣ ከዚያ ይታጠቡ። ነጭ ጋዝ ማፍሰስ፣ በክብሪት መተኮስ አያስፈልግም።

ለሐኪሙ ሌላም ፍንጭ ልስጥ፦ ብሩሴሎሲስና ኪው ፊቨርም እንስሳን ያስጨነግፋሉ፣ ሰውንም ያተኩሳሉ። እነሱ መድኃኒታቸው አንቲባዮቲክ ነው። የደም ምርመራ ሳይደረግ መገመት ዋጋ የለውም።

ለእንስሳት ሐኪም ዛሬ ይደውሉ። እስኪመጣ ድረስ የታመመ እንስሳ ለእርድ አያቅርቡ፣ አይሽጡ፣ ወደ ሌላ መንጋም አይውሰዱ። ወተት አፍልተው ይጠጡ። ሌላ በግ ብትጨነግፍ ጓንት ያድርጉ፣ ፊትዎን ይሸፍኑ። ያረገዘች ሴት በፍጹም አትቅረብ። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ክትባት ለበጎች አለ፣ ለሰው ግን ገና ገበያ ላይ አልዋለም። በሽታው ከገባ በኋላ መንጋውን በአንድ መርፌ እየደጋገሙ መክተብ ቫይረሱን ከበግ ወደ በግ ሊያዛምት ስለሚችል፣ ጎረቤት ቢመክርዎትም በራስዎ አይሞክሩት።

ድድዎ ወይም አፍንጫዎ ከደማ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ከተምታታብዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ትኩሳቱ ቢለቅዎትም፣ ሕመሙ ከጀመረዎት ከ1 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ዓይንዎ ብዥ ካለ ይመለሱ፤ የዓይኑ ጉዳት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ጭንጋፉን ሲቀብሩ አብሮዎት የነካ ሰው ካለ ደግሞ ዛሬ ማታ ጠይቁት፣ ትኩሳት ካለው ይዘውት ይሂዱ።