መልስ፦ ሌሊት ከእንቅልፍ ስለሚቀሰቅስ ጭንቀት

በልብ ምርመራ ምንም አልተገኘብዎትም ተብለው ሳለ፣ ሌሊት ልብዎ እየመታና ደረትዎን እያፈነዎ ለምን እንደሚነቁ፣ ያለ መድኃኒትስ ምን ሊረዳዎ እንደሚችል ጠይቀዋል። ጭንቀት ሲነሣ አንጎል የሌለ አደጋ እንደ መጣ ቆጥሮ አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን እንዲመነጭ ስለሚያደርግ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ያልባል፤ ስለዚህ ስሜቱ የእውነት ነው፣ አደጋው ግን የለም።

በመልእክትዎ መካከል እንደ ዘበት የጠቀሱት ነገር ግን ዓይኔን ሳበው፦ ማታ 1 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣሉ። የጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቡናው ገና ከእርስዎ ጋር ነው። ቡናውን ጨርሶ መተው አይጠበቅብዎትም (ጎረቤትም ይቀየማል)፣ ወደ ጠዋት ማዛወር ይበቃል፤ መቀነስ ከፈለጉም ቀስ በቀስ ይሁን፣ በድንገት የተተወ ቡና ራስ ያሳምማልና።

ሲነቁ ተነሥተው ይቀመጡ፤ እጅዎን ሆድዎ ላይ አድርገው እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫዎ አየር ይሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ። ረዘም ያለው አወጣጥ የልብን ምት ያረግባል፤ እኔ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ለውጥ አልተሰማኝም ነበር። በቀን የ30 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይረዳል። አረቄ ቶሎ ቢያስተኛም ወደ ንጋት እንቅልፍን ስለሚሰባብር አይሞክሩት።

የታይሮይድ ዕጢ መዛባትና የደም ማነስም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ በደም ምርመራ ይታዩ። ጭንቀቱ ከሥራ ካስቀረዎ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካመጣብዎ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም ይሂዱ።