ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ውዬ እግሬን ምን አደከመው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፣ ዕድሜዬ 31 ነው። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ከሥራ ስወጣ ሐይቁ ዳር እሮጣለሁ። ከፍቅር ሐይቅ ተነስቼ አሞራ ገደል ደርሼ እመለሳለሁ። እሁድ ጠዋት ከሆነ እበራለሁ። በሥራ ቀን ግን፣ በተለይ ሂሳብ አልገጥም ብሎ ሲያዋክበን በዋለበት ቀን፣ ገና ሩቅ ሳልሄድ እግሬ ብረት ይሆናል። ወንበር ላይ ነው የዋልኩት፣ አንድ ዕቃ እንኳ አላነሳሁም። አብሮኝ የሚሮጠው ጓደኛዬ «ስንፍና ነው፣ ሰበብ አታብዛ» ይለኛል። እኔም እሱን ማመን ጀምሬያለሁ። ስንፍና ነው ወይስ በሽታ?
(ከአቶቴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስንፍና አይደለም። ይህን ያስቀደምኩት ከድካሙ ይልቅ የጓደኛህ ቃል እንደጎዳህ ከደብዳቤህ ስለገባኝ ነው። እሁድ የሚበር ሰው ማክሰኞ ላይ ሰነፍ አይሆንም። እግርህ ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው። የተለየው ጭንቅላትህ ሲሠራ የዋለው ነገር ነው።

ነገሩ ተጠንቷል። ዌልስ በሚገኘው ባንጎር ዩኒቨርሲቲ ሳሙኤሌ ማርኮራና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ያንተን ማታ የሚመስል ነው። 16 ሰዎችን በሁለት የተለያዩ ቀናት ፈተኗቸው። አንዱን ቀን ኮምፒውተር ፊት 90 ደቂቃ አስቀምጠው፣ ፊደላት ብቅ ባሉ ቁጥር እየተከታተሉ ሳይሳሳቱ ቁልፍ እንዲጫኑ አደረጓቸው። አሰልቺ ግን ዓይን የማያስነቅል ሥራ ነው፣ አንተ ከቁጥር ጋር እንደምትውለው። ሌላውን ቀን ለዚያው ያህል ጊዜ ዶክመንተሪ ፊልም አዩ። ከዚያ በሁለቱም ቀን ሳይክል ላይ ወጥተው አቅማቸው እስኪያልቅ ነዱ። ፊልም ያዩ ቀን በአማካይ 754 ሰከንድ ቆዩ። ጭንቅላታቸው የደከመ ቀን 640 ሰከንድ ላይ አቆሙ። ወደ ሁለት ደቂቃ የሚጠጋ ልዩነት ነው።

አሁን ለጓደኛህ የምታነብለት ክፍል ይመጣል። ተመራማሪዎቹ የልብ ምታቸውን ለኩ፣ የሚተነፍሱትን ኦክስጅን ለኩ፣ ጡንቻ ሲለፋ ደም ውስጥ የሚጨምረውን ላክቴት የሚባል ንጥረ ነገርም ለኩ። ጭንቅላታቸው የደከመ ቀን ቀድመው ያቆሙበትን ምክንያት ከእነዚህ ውስጥ አላገኙም። ልብም ሳንባም ጡንቻም ሥራቸውን እየሠሩ ነበር። «ለዚህ ፈተና ምን ያህል ተነሳሽነት አለህ?» ብለው ሲጠይቁም ልዩነት አልታየም፣ በሁለቱም ቀን ፍላጎቱ ነበራቸው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ያው ፔዳል፣ በዚያው ፍጥነት፣ ገና ከመጀመሪያው ከበዳቸው። ሰው ደግሞ የሚያቆመው ጡንቻው ፈጽሞ እምቢ ሲለው ብቻ አይደለም፣ ልፋቱ ከሚችለው በላይ ሆኖ ሲሰማውም ነው። የደከመ ጭንቅላት እዚያ ጣሪያ ላይ ቶሎ ያደርስሃል።

ሐሳቡ አዲስም አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም አንጄሎ ሞሶ በ1891 እ.ኤ.አ. ስለ ድካም በጻፈው መጽሐፍ፣ ረጅም ትምህርት ሰጥተውና ተማሪ ፈትነው የወጡ ባልደረቦቹ የጡንቻ አቅም እንደሚቀንስ አስፍሯል። ይህን ሳነብ የስፖርት መምህር የነበርኩበት ጊዜ ነው የታወሰኝ። የፈተና ወረቀት ሳርም በዋልኩበት ቀን ሜዳ ዙሪያ አራት ዙር መሮጥ ዳገት ይሆንብኝ ነበር፣ ምክንያቱን የሚነግረኝ ሰው ግን አልነበረም፣ ስለዚህ ራሴን ስወቅስ ዓመታት አለፉ። አንተ ያንን እንድትደግመው አልፈልግም።

ምክንያቱ ምንድን ነው ካልከኝ፣ ብዙ ሳይንቲስቶች የሚጠረጥሩት አዴኖሲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ነው። አእምሮ ለረጅም ሰዓት ሲሠራ ይጠራቀማል፣ ልፋትንም ያከብዳል ይላሉ። ቡና የሚያነቃን ውስጡ ያለው ካፌይን የዚህኑ ንጥረ ነገር በር ስለሚዘጋ ነው። ግን ማታ 12 ሰዓት ልትሮጥ 11 ሰዓት ላይ ቡና ጠጣ አልልህም። እንቅልፍህን ከነካው ነገ ከዛሬ ብሶ ይጠብቅሃል።

እና ምን ታድርግ? መጀመሪያ፣ ከባዱን ሩጫ ሂሳብ ከሚያዋክባችሁ ቀን አንሳው። ፍጥነት የምትሞክርበትን ወይም ረጅሙን መንገድ ለእሁድ፣ ወይም ከሥራ በፊት ለማለዳ አድርገው። ማለዳ ጭንቅላትህ ገና ትኩስ ነው፣ ሐይቁም ዳር አየሩ ደስ ይላል። በሥራ ቀን ማታ ሰዓትህን ቤት ተወውና እያወራህ መሮጥ በምትችልበት ልክ ዱብ ዱብ በል። ልብህና ሳንባህ ከዚያም ይጠቀማሉ። ሰኔ ላይ ዓመታዊ ሂሳብ ስትዘጉማ ከራስህ ጋር አትጣላ፣ ያን ወር ያለህን ብቃት መጠበቅ ብቻ ይበቃሃል።

ሌላም አማራጭ አለ። የአእምሮ ድካም ጎልቶ የሚጎዳው ረዘም ያለ ልፋትን ነው። ለአጭር ጊዜ የሚወጣ ጉልበትን ያን ያህል አይነካም። ስለዚህ በእንደዚያ ቀን ክብደት ወይም ጥቂት አጫጭር ሩጫዎች ብትሠራ ራስህን ደህና ሆነህ ታገኘዋለህ። ከቢሮ ወጥተህ በቀጥታ ከመሮጥም ትንሽ እረፍ። እረፍት ስል ስልክ ላይ ማፍጠጥ አይደለም፤ ዝም ብለህ ውኃውን እያየህ ተራመድ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ሁሉ ይህን ያህል ትልቅ ልዩነት አላገኙም። ሰውም ከሰው ይለያል። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ፕሮፌሽናል ብስክሌተኞች አእምሮ የሚያደክም ሥራ ለ30 ደቂቃ ሠርተውም ፍጥነታቸው አልወረደም፣ ለመዝናናት የሚነዱት ግን ወረደባቸው። ምናልባት ጓደኛህም የሚችል ዓይነት ሰው ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ሥራው እንዳንተ ጭንቅላት አይበላም። ጠይቀው እስቲ።

በሽታ ነው ወይ ላልከው፣ እሁድ መብረርህ ብዙ ይናገራል። ግን እሁድም ከደከመህ፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ወይም ተኝተህ አድረህም ዝለህ ከተነሳህ ሐኪም ቤት ሂድና ደምህን ተመርመር። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግር እንደዚያ ያደርጋሉ። ደረትህን ከያዘህ ደግሞ ሩጫውን አቁምና በዚያው ቀን ታይ።

ጥያቄ፦ ልጄ 12ኛ ክፍል ነው፣ ለሠፈሩ ቡድን ኳስ ይጫወታል። ጨዋታ ያለ ቀን እስከ መውጫው ሲያጠና ይቆይና ሜዳ ላይ ኳስ ያበላሻል። አሰልጣኙ ይቆጣዋል። ኳሱን ይተው ይሻላል?
(አንዲት እናት፣ ከታቦር)

መልስ፦ እናቴ፣ አያስተዉት። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ተጫዋቾችን ለ30 ደቂቃ ጭንቅላት በሚያደክም ሥራ አቆይቷቸው ነበር፤ «ቀይ» የሚለው ቃል በሰማያዊ ተጽፎ ሲመጣ ቃሉን ትተው ቀለሙን መናገር ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ የሮጡት ርቀት ቀነሰ፣ ኳስ የማቀበል ትክክለኛነታቸውም ወረደ። የእርስዎ ልጅ ላይም የሚታየው ይኸው ይመስለኛል። ጥናቱን ጠዋት ያድርገው፣ ከጨዋታው በፊት ሁለት ሰዓት ያህል መጽሐፉንም ስልኩንም ያስቀምጥ፣ ምሳውን በልቶ ጋደም ይበል። አሰልጣኙንም እርስዎ ራስዎ ያነጋግሩት፣ ልጁ ከሜዳ በፊት ምን ሲሠራ እንደቆየ ሳያውቅ ነው የሚቆጣው።