ፖሊሲውን ሳይሆን የአደጋውን ቦታ ይዘው ይውረዱ

ሥልጣን ከፌዴራል እስከ ወረዳ በተከፋፈለበት አስተዳደር፣ በመረጃ የተደገፈ የመንገድ ደህንነት ፖሊሲ እንዴት ሥራ ላይ ይውላል ብለው ጠይቀዋል። በመሀል አዲስ አበባ በክፍለ ከተማ ደረጃ ስለሠራሁ ካየሁት ልመልስ።

ማስረጃው ብዙ አያከራክርም። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር የሞት አደጋ በ4 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በከተማችን ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውም በየስብሰባው ይነገራል። የፍጥነት ወሰን የሚወጣው ግን በፌዴራል ደንብ ነው፤ ትራፊኩን የሚያስተዳድር፣ አስፋልቱን የሚሠራና አደጋውን የሚመዘግብ መሥሪያ ቤትም ለየቅል ነው። «ለሚመለከታችሁ ሁሉ» ተብሎ በግልባጭ የተበተነ ደብዳቤ ደግሞ ማንንም አይመለከትም።

እኔ የምጀምረው ከመዝገቡ ነው። «ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር ሲኬድ» የሚል የአደጋ መዝገብ ለክስ ይበቃ ይሆናል፤ ለመሐንዲስ ግን ምኑም አይደለም። በዚያ መስመር ላይ ስንት መጋጠሚያ አለ! ከትራፊክ ፖሊሶቹ ጋር ካርታ ዘርግተው ይቀመጡ፤ ቅጹ ያልያዘውን ነጥብ በጣታቸው ያሳዩዎታል። ሆስፒታልም ይሂዱ። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር አደጋ ከደረሰበት በ30 ቀን ውስጥ የሞተ ሰው የትራፊክ አደጋ ሟች ነው፤ ሆስፒታል ገብቶ ቆይቶ የሞተው ግን በቀላሉ ከፖሊስ መዝገብ ይቀራል።

የሟቾችን ቁጥር በወረዳ ከፋፍሎ ደረጃ ማውጣትን አልወደውም። አንድ ወረዳ አምና ሁለት፣ ዘንድሮ ዜሮ ቢያስመዘግብ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ኃላፊው ግን ይሸለምበታል። በዚያ ደረጃ የተሽከርካሪዎችን ፍጥነት መለካት ይሻላል፤ ለማወቅ ሰው እስኪሞት አይጠበቅም።

ቢሮዎቹ በወረቀት ካልተስማሙ የለገሃርን መስቀለኛ መንገድ ያስታውሷቸው። እዚያ መጀመሪያ በቀለምና በጊዜያዊ ቁሳቁስ የመኪናው ቦታ ተቀንሶ ለእግረኛው ተሰጠ፤ ሁሉም ለውጡን ኮንክሪት ሳይፈስ በዓይኑ አየው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ግንቦት ላይ ጥናት ይዞ የሚመጣ ሰው ምስጋና እንጂ ገንዘብ አያገኝም። ጥናቱ ጥር ላይ ይድረስ፤ ከእያንዳንዱ ቦታ ትይዩም አንድ ተጠሪ መሥሪያ ቤትና አንድ የበጀት መደብ ይጻፍ። መንገዱ የሁለት ክፍለ ከተሞች ወሰን ከሆነ ተጠሪውን ከከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ያስወስኑ፤ በቃል የተስማማ ኃላፊ ሲዛወር ስምምነቱም አብሮት ይሄዳል።